ልብን ያጠነከረው ደረጃ፦ ከለንደን አውቶብስ እስከ እሑዳችን



ስለ ጤና ስናወራ ሁሌ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «እኔ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምሠራው። ወለል እወለውላለሁ፣ መስኮት አጸዳለሁ፣ መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ሲቆም ዕቃ ተሸክሜ እስከ ሰባተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ከዚህ በላይ ምን ስፖርት አለ?» አሠሪዎችም ይህንኑ ይሉናል። «ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀሺ እየዋልሽ፣ በእግር ልሂድ ብለሽ መውጣት ምን ያደርግልሻል?»

ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም፣ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። የሚገርመው ደግሞ «እንቅስቃሴ ልብን ይጠብቃል፣ ዕድሜን ያስረዝማል» የሚለው ሳይንስ የጀመረው ከሀብታሞች ጂም አይደለም፤ ከሠራተኛ ሰው ነው። ከአውቶብስ ትኬት ቆራጭ፣ ከፖስተኛ፣ ከወደብ ጫኝና አውራጅ። ስለዚህ በዚህ ዕትም ታሪኩን ከሥሩ እንይ፤ ለጥያቄያችን የሚሆነው መልስም እዚያው ውስጥ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

አንድ አውቶብስ፣ ሁለት ሠራተኛ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ውስጥ ሐኪሞችን ግራ ያጋባ ነገር መጣ። ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች በልብ ደም ሥር መዘጋት ይሞታሉ፣ ቁጥራቸውም ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ይህን ጉዳይ ከያዙት አንዱ ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ነው። በ1948 አንድ የምርምር ክፍል ኃላፊ ሆነ፣ በሽታን ከሰው አኗኗርና ሥራ ጋር አያይዞ ማጥናት ጀመረ።

ሞሪስ የስደተኛ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው የመጡ አይሁዶች ነበሩ። እሱ በ1910 ሊቨርፑል ተወልዶ ግላስጎ በምትባለው የስኮትላንድ ከተማ አደገ። ሠራተኛ ሰው እንዴት እንደሚኖር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰፈሩ ያውቀዋል ማለት ነው።

ሞሪስ «የሰው ሥራ ከልብ በሽታው ጋር ይገናኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ለማወቅ በኑሯቸው የሚመሳሰሉ፣ በሥራቸው ግን የሚለያዩ ሰዎች ያስፈልጉታል። እነዚህን ሰዎች በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ላይ አገኛቸው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ አውቶብስ ሁለት ሠራተኛ ነበረው፤ ሹፌርና ትኬት ቆራጭ። ሁለቱም አንድ መንገድ ላይ ይውላሉ፣ አንድ ጭስ ይተነፍሳሉ፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። ሹፌሩ ግን ከሥራ ሰዓቱ 90 በመቶ የሚሆነውን ተቀምጦ ያሳልፋል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ ሂሳብ ለመሰብሰብ ላይና ታች ሲል፣ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል።

ሞሪስና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆነ ወደ 31,000 የለንደን ትራንስፖርት ሠራተኞችን መዝገብ አጠኑ። ውጤቱ በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ትኬት ቆራጮቹ ከሹፌሮቹ ያነሰ ይታመማሉ። ቢታመሙም ዘግይቶ፣ ቀለል ብሎ ነው። በሽታው በያዛቸው በጥቂት ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ ከሹፌሮቹ ግማሽ ገደማ ነበር።

እስቲ አስቡት። መድኃኒት የሰጣቸው የለም። ስፖርት ሥሩ ያላቸው የለም። ልዩነቱ ያቺ ጠባብ የአውቶብስ ደረጃ ነበረች።

ብዙ ሰው ግን ወዲያው አላመነም። ባያምኑም አይፈረድባቸውም። «ምናልባት ሹፌርነትን የሚመርጠው ድሮውኑም ወፍራም ሰው ቢሆንስ? ወይም የለንደን መንገድ ጭንቀት ቢሆንስ?» ተባለ። ሞሪስ ይህን አልሸሸም። የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ አስወጣና የሱሪያቸውን ወገብ ልክ አነጻጸረ። በ1956 ባወጣው ጽሑፍ የሹፌሮቹ ሱሪ በእርግጥም ሰፋ ያለ መሆኑን ራሱ ተናገረ። ይህም ሆኖ በወገብ ልክ እኩል የሆኑትን ለብቻ ሲያወዳድር፣ ትኬት ቆራጮቹ አሁንም የተሻሉ ነበሩ። ቀጭኑም ከቀጭኑ፣ ወፍራሙም ከወፍራሙ ጋር ሲታይ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ፖስታ ቤት ሄደ። በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉትን ፖስተኞች፣ ተቀምጠው ከሚውሉ የስልክ ኦፕሬተሮችና ጸሐፊዎች ጋር አወዳደረ። እዚያም ያው ነው፤ የሚንቀሳቀሱት ከልብ በሽታ የተሻለ ተጠብቀዋል።

ልባችን ሲለማመድ ምን ይሆናል?

ልብ ጡንቻ ነው። እንደ ክንድና እንደ ጭን ጡንቻ፣ ሲሠራ ይጠነክራል፣ ሲተኛ ይደክማል። አንድ ሰው ፈጠን ብሎ ሲሄድ፣ ሲሮጥ ወይም ደረጃ ሲወጣ እግሮቹ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ልብም ያን ለማድረስ ጠንክሮ ይገፋል። ይህ በሳምንት ደጋግሞ ሲሆን የልብ ክፍሎች ብዙ ደም መያዝ ይለምዳሉ፣ በአንድ ምት የሚገፋውም ደም ይበዛል። ደም ሥሮችም ይለሰልሳሉ፣ ሲፈለግ በቀላሉ ይሰፋሉ።

በአንድ ምት ብዙ ደም የሚገፋ ልብ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በደቂቃ 80 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን 115,200 ጊዜ ይመታል። ተለማምዶ 70 ላይ ከደረሰ 100,800 ይሆናል። በቀን 14,400 ምት ዕረፍት አገኘ ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ

ያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ልብ የታመመ ሰው ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት የለበትም ብለው ያምኑ ነበር። በ1966 አሜሪካ ዳላስ ከተማ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞከሩ። አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። ከዚያ በፊትና በኋላ ሰውነታቸው በአንድ ደቂቃ ውስጥ እስከ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ለኩ። የልብና የሳንባ ጉልበት የሚለካው በዚህ ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ከጉልበታቸው ከሩብ በላይ አጡ። ቀጥሎ ለስምንት ሳምንት ልምምድ አደረጉ፤ የጠፋው ተመለሰ፣ እንዲያውም በለጠ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው አገኟቸው። አሁን ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ወፍረዋል። እንደገና ሲለኩ የሠላሳ ዓመት እርጅና ያደረሰባቸው ጉዳት፣ ያኔ የሦስት ሳምንት አልጋ ካደረሰባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ! ደግሞ በእግር በመሄድ፣ በሶምሶማና በብስክሌት ቀስ እያሉ ለስድስት ወር ሲለማመዱ ያ በሠላሳ ዓመት የጠፋው ጉልበት ተመለሰ።

ይህ ለእኛ ብዙ ይናገራል። አብዛኞቻችን ከመምጣታችን በፊት ዳገት ቁልቁለቱን የምናውቅ ነበርን። ውኃ ቀድተናል፣ ትምህርት ቤት በእግር ተመላልሰናል፣ ገበያ ሄደን ተሸክመን ተመልሰናል። «ድሮ እንዲያ ነበርኩ፣ አሁን አንድ ፎቅ ስወጣ እታፈናለሁ፣ አረጀሁ መሰለኝ» የምትሉ አላችሁ። እርጅና ላይሆን ይችላል። ልብ ልምምዱን አጥቶ ይሆናል። ልምምድ ያጣ ልብ ደግሞ በሃምሳ ዓመትም ቢሆን መልሶ ይማራል። (ትንፋሽ ማጠሩ ድንገት ከመጣ ወይም እግር ካበጠ ግን ሐኪም ማየት ይቀድማል። ደም ማነስም እንዲህ ያደርጋልና።)

የሳን ፍራንሲስኮ ጫኝና አውራጆች

ሌላው ትልቅ ጥናት የመጣው ከአሜሪካ ወደብ ነው። ራልፍ ፓፈንባርገር የተባለ ሐኪም 6,351 የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ሠራተኞችን ከ1951 እስከ 1972፣ ለ22 ዓመት ተከታተለ። ውጤቱ በ1975 ወጣ። ከባድ ጭነት የሚጭኑትና የሚያወርዱት ሠራተኞች፣ ቀለል ያለ ሥራ ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ፓፈንባርገር ምክንያቱ ኃይለኛ የጉልበት ሥራ ቶሎ ቶሎ እየተደጋገመ መምጣቱ ሳይሆን አይቀርም አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህን ብቻ የሰማ አሠሪ «አያችሁ? ሥራ ይበቃል» ሊል ይችላል። ግን እነዚያ ጫኝና አውራጆች እንዴት ነበር የሚሠሩት?

የሠራተኛ ማኅበር ነበራቸው። በ1934 ወደቡን ለ83 ቀን የዘጋ አድማ አድርገዋል። በዚያ አድማ ሰው ሞቷል። አድማው ካበቃ በኋላ በተሰጠው ውሳኔ መደበኛ የሥራ ቀናቸው ስድስት ሰዓት፣ ሳምንታቸው ሠላሳ ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ በላይ ከሠሩ የትርፍ ሰዓት ይከፈላቸዋል። ማን ዛሬ ይሠራል የሚለውንም የሚመድበው የማኅበሩ ሰው ሆነ። በዌስት ኮስት ወደቦች ላይም፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሚሠሩት ስምንት ሰዎች አራቱ ሲሠሩ አራቱ የሚያርፉበት ልማድ ነበር።

ጥናቱ «ያዳናቸው ዕረፍቱ ነው» ብሎ አላረጋገጠም፤ ያልተባለውን እንዳንጨምርበት። ግን ሥራቸው ምን ይመስል እንደነበር ልብ በሉ። ልብን በደንብ የሚያስመታ ሥራ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ እንደገና ሥራ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ዛሬ የስፖርት አሠልጣኝ የሚሰጠው ፕሮግራም ራሱ ይህን ይመስላል።

ቢሮ ሠራተኞቹና የዕረፍት ቀናቸው

ዓለም እየተለወጠ ሄደ። ትኬት ቆራጩ ከአውቶብሱ ወረደ፣ ወደቡ ላይ ማሽን መጣ፣ ብዙ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሞሪስም ጥያቄውን ለወጠ። ሥራው ካላንቀሳቀሰው ሰው በትርፍ ሰዓቱ ቢንቀሳቀስስ?

ተቀምጠው የሚሠሩ ወደ 17,000 የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችን ሰኞ ጠዋት እየያዘ፣ ባለፈው ዓርብና ቅዳሜ ምን ሲያደርጉ እንደዋሉ አስመዘገባቸው። ከዚያ ለዓመታት ጤናቸውን ተከታተለ። በ1973 የወጣው ውጤት እንደሚለው፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያደርጉ የነበሩት ሰዎች በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካላደረጉት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። ፓፈንባርገርም በ1986 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን አጥንቶ፣ በደንብ የሚንቀሳቀሱት ካልተንቀሳቀሱት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ዕድሜ እንደሚያገኙ አሳየ።

ሁለቱ ሰዎች ያገኙትን በራሳቸው ላይም ሠሩበት። ፓፈንባርገር በ45 ዓመቱ መሮጥ ጀምሮ ማራቶን ደጋግሞ ሮጠ፣ እስከ 84 ኖረ። ሞሪስ መሄድና መዋኘት አላቆመም፤ በ2009 ሲሞት ዕድሜው 99 ነበር። በ1996 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፖርት ሳይንስ የሰጠውን የመጀመሪያ ሽልማት ሁለቱ በጋራ ወሰዱ።

ታዲያ የእኛ ሥራስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ትኬት ቆራጩን ደረጃው ከጠበቀው፣ እኛንስ ደረጃችን አይጠብቀንም?

መልስ የሰጡን የዴንማርክ ተመራማሪዎች ናቸው። በኮፐንሃገን አካባቢ ከ104,000 በላይ ሰዎችን ተከታትለው በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በትርፍ ጊዜያቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች በልብ በሽታ የመያዝና የመሞት ዕድላቸው ቀነሰ። በሥራቸው ላይ ብዙ የሚለፉ ሰዎች ግን በተቃራኒው ዕድላቸው ጨመረ። እንቅስቃሴ ያው እንቅስቃሴ ሆኖ፣ አንዱ ያድናል፣ አንዱ ይጎዳል!

እንዴት ሊሆን ይችላል? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት የእኛን ቤት ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል።

አንደኛ፣ ሥራው ወይ በጣም ቀላል ነው ወይ በጣም ረጅም ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ መዋል ያደክማል፣ ግን ልብን ለማጠንከር የሚበቃ ፍጥነት የለውም። እግር ያብጣል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ልብ ግን አልተለማመደም።

ሁለተኛ፣ ስፖርት የልብ ምትን ለግማሽ ሰዓት ከፍ አድርጎ ከዚያ ያሳርፈዋል። ረጅም ሥራ ግን ሃያ አራት ሰዓቱን ሙሉ ከፍ እንዳለ ያቆየዋል።

ሦስተኛ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ መቆየት፣ እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ መሥራት የደም ግፊትን ይጨምራል። ዘይት ቆርቆሮ፣ የውኃ ጋሎን፣ ምንጣፍ፣ በሽተኛ ማንሳት፣ መጋረጃ መስቀል ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፣ በቂ ዕረፍት የለም። ጡንቻም ልብም የሚጠነክሩት ከሥራ በኋላ ባለው ዕረፍት ነው።

አምስተኛ፣ ሠራተኛው ፍጥነቱን አይወስንም። ስፖርት የሚሠራ ሰው ሲደክመው ይቆማል። እኛ ስንደክም ደወል ይጮኻል።

ሌላም ጥናት አለ። ዴንማርክ ውስጥ 116 የጽዳት ሠራተኞች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሥራ ሰዓታቸው ውስጥ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ልብን የሚያሠራ ስፖርት ለአራት ወር አደረጉ። የልብ ጉልበታቸው ጨመረ፣ በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ያለው የልብ ምታቸው ቀነሰ። የደም ግፊታቸው ግን ትንሽ ከፍ አለ። ስፖርቱ በከባድ ሥራ ላይ የተጨመረ ሌላ ሸክም ሆነባቸው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። አዎ፣ ቀኑን ሙሉ ብንሠራም ስፖርት ያስፈልገናል። ግን ስፖርቱ ዕረፍት ከሌለ ብቻውን አያድነንም። ሁለቱን አብረን ነው መጠየቅ ያለብን።

ዕረፍት የልብ ጉዳይ ነው

በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ሆኖም በ2009 የወጣውና አብዛኞቻችን የፈረምነው አንድ ወጥ የሥራ ውል ስለ ዕረፍት በግልጽ ይናገራል። ሥራ በቀን በአማካይ ከአሥር ሰዓት አይበልጥም። ሌሊት ቢያንስ ስምንት ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አለ። በሳምንት ደግሞ ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት አለ። በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛው ኮንቬንሽንም ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል።

ስንቶቻችን ይህን እናገኛለን? እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ እሑዳችንን ስንጠይቅ «ጓደኞቼን ላገኝ ነው» ብለን ብቻ አንጠይቅ። ጓደኛ ማግኘትም መብት ነው፤ ነገር ግን ዕረፍት የጤና ጉዳይ መሆኑን በእርጋታ ማስረዳት እንችላለን። «ማዳም፣ እኔ ብታመም ሥራውም ይቆማል፤ ውሉም በሳምንት አንድ ቀን ይላል» ማለት ክርክር አይደለም። የውሉ ቅጂ የሌላችሁ ወይም ዐረብኛው የማይነበብላችሁ ማኅበሩ ጋ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።

ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። በፊት «ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል ነበር፤ ያ ቀርቷል። አምስት ደቂቃም ይቆጠራል።

መካከለኛ ማለት ምን ማለት ነው? መለኪያው አፋችሁ ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልኩ ያ ነው። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጥነት ጨምሩ። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ።

ሰዓቱን እንዲህ ማከፋፈል ይቻላል። በሳምንት አምስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ 100 ይሆናል። እሑድ ኮርኒሽ ላይ 50 ደቂቃ ብትሄዱ 150 ሞላ።

መውጣት ለማትችሉት፦ በክፍላችሁ ወይም በበረንዳ ባላችሁበት ቆማችሁ ጉልበት ከፍ እያደረጋችሁ መርገጥ፣ በአንድ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ እስክስታም ቢሆን ይሆናል። ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ተለማመዱ፣ ትንፋሽ ሰብስቡ፣ ድገሙ። መኖሪያ ፈቃድ ችግር ሆኖባችሁ ከቤት የማትወጡትም እንዲሁ።

ደረጃን መጠቀም፦ ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ስፖርት አይደለም፣ ጭነት ነው። ባዶ እጃችሁን ስትሆኑ ግን አንድ ሁለት ፎቅ ፈጠን ብላችሁ ውጡ። ያኔ ነው የለንደኑን ትኬት ቆራጭ የምትሆኑት።

ለጀማሪ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። ከባድ ጽዳት ባለበት ቀን፣ ያልተኛችሁበት ወይም በቂ ምግብ ያልበላችሁበት ቀን ዕለቱን ዝለሉት። የተራበና እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስፈልገው ምግብና እንቅልፍ ነው።

ሙቀት፦ በሐምሌና በነሐሴ በማለዳ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ብቻ ሂዱ። ውኃ ያዙ። በሸበጥ አትሂዱ፤ ቀላል ስኒከር ይሻላል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ የኢቃማችሁን ቅጂ ያዙ።

የልብ ምታችሁን ቁጠሩ፦ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ፣ ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩና ደብተር ላይ ጻፉ። የአብዛኛው ሰው ከ60 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው። ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ስታዩ ደስ ይላችኋል። ሁልጊዜ ከ100 በላይ ከሆነ ግን ክሊኒክ ሂዱ።

የደም ግፊት፦ መድኃኒት ቤት ገብታችሁ አስለኩ። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። መድኃኒት የምትወስዱ «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ብላችሁ እንዳታቆሙ።

አደጋ ምልክቶች፦ ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚያጨናንቅ ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት። ሴቶች ላይ ደግሞ ማቅለሽለሽና ከባድ ድካም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ሥራ ልጨርስ፣ ያልፍልኛል» አትበሉ። ወዲያው ቁሙ፣ ለሰው ንገሩ፣ የሊባኖስ ቀይ መስቀልን በ140 ደውሉ። ቁጥሩን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ለማጠቃለል

ስደት የመጣነው ለቤተሰብ ልንደርስ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው የምንልከውን ብር ነው፤ የምንመለስበትን ሰውነት አናስብም። ቤት ሠርቶ፣ ወንድም አስተምሮ፣ እናት አሳክሞ፣ አገር ሲገቡ ግን ደረጃ መውጣት የሚያቅት ልብ ይዞ መግባት ትርፉ ምንድን ነው? ልጆቻችን የሚፈልጉት ብሩን ብቻ አይደለም፣ እኛንም ነው።

ከሰባ ዓመት በፊት የለንደን ትኬት ቆራጮች ሳያውቁት ለዓለም ትልቅ ትምህርት ሰጡ። የሳን ፍራንሲስኮ ጫኝና አውራጆች ደግሞ አርፎ መሥራትን ታግለው አመጡ። ሁለቱም እንደ እኛው ሠራተኞች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴውን፣ ከሁለተኞቹ አብሮ መቆሙን እንውሰድ።

ከእሑድ ስብሰባችን በኋላ መሄድ የምትፈልጉ ለየሰፈራችሁ ተጠሪ ስማችሁን ስጡ። ፈጣኖች ከፊት፣ ቀስ የሚሉ ከኋላ፣ ማንም ብቻውን ሳይቀር እንሄዳለን። እሑድ የማትወጡም በስልክ ደውሉና ክፍላችሁ ሆናችሁ አብራችሁን ርገጡ።